የሰርግ ዕቃ የምታከራዩ፣ በማስያዣ ጉዳይ ምከሩኝ

ሰላም ወገኖች። አዲስ አበባ ውስጥ ድንኳን፣ የፕላስቲክ ወንበርና ሰሃን አከራያለሁ። ከጥምቀት በኋላ ስልኬ አያርፍም፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰርጉ ይቆማል፣ የመጋዘን ኪራዩ ግን አይጾምም። እሱንስ ለምጄዋለሁ። ያቃተኝ የዕቃ አመላለስ ነው። ባለፈው 200 ወንበር ሰጥቼ 188 ተመለሰልኝ፤ ከነዚያም የአራቱ እግር ተሰብሯል። የጠረጴዛ ልብሱ ደግሞ አልጫ ወጥ ጠጥቶ መጣ፤ ሁለት ጊዜ ባጥበውም የእርዱ ቢጫ አልለቅ አለኝ። ከማስያዣው ልቀንስ ስል የሙሽራው አጎት «በደስታ ቀን እንዲህ ይባላል?» ብለው አሳፈሩኝና ሙሉውን መለስኩ። (ሞኝ ነኝ፣ አውቃለሁ።)

እናንተ ስንት ታስይዛላችሁ? ቆጠራውንስ ማታ እዚያው ነው ወይስ በማግስቱ የምታደርጉት? ውል የምታስፈርሙ ካላችሁ ምን ምን እንደምትጽፉበት ንገሩኝ። ቅዳሜ ሌላ ሰርግ አለብኝ።