ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር ለሚመላለስ ሰው የመጀመሪያ ክሩዘር ሞተር ሳይክል የትኛው ይሻላል?

ጥያቄ (መምህር፣ ባሕር ዳር)

ጤና ይስጥልኝ። በባሕር ዳር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ስሆን ላለፉት ስድስት ዓመታት 100 ሲሲ ቦክሰር ስነዳ ቆይቻለሁ። በከተማ ውስጥ አንድም ቀን አላሳፈረችኝም። ነገር ግን እናቴ ደብረ ታቦር ስለምትኖር በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ የመንገዱን ሰላም አስቀድሜ ጠይቄ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል እሄዳለሁ፤ አንዳንድ ጊዜም ባለቤቴን አፈናጥጬ ነው። ወረታ ስደርስ የእጄ አንጓ ይደነዝዛል፣ ወገቤን ይይዘኛል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ዳገት ደግሞ ሞተሯ በዝቅተኛ ማርሽ እያቃሰተች ነው የምትወጣው።

ስለዚህ መቀመጫው ዝቅ ያለ፣ መሪው ወደ ነጂው የቀረበ፣ ክሩዘር የሚባለውን ዓይነት ለመግዛት ገንዘብ ቆጥቤአለሁ። ያገለገሉ ሦስት ሞተሮች ቀርበውልኛል፤ እነሱም ባጃጅ አቬንጀር 220፣ ሮያል ኢንፊልድ ሜቲዮር 350 እና ሆንዳ ሬብል 500 ናቸው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ65 ሲሆን የሬብሉ መቀመጫ ከመሬት 69 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ሁለቱም እግሮቼ ሙሉ በሙሉ መሬት ይረግጣሉ፤ ልቤም ወደ እሱ ያደላል። የምታውቁ ሰዎች ምክራችሁን ብትለግሱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ (የሞተር ሳይክል ጠጋኝ፣ ባሕር ዳር)

ሰላም መምህር። በመቀመጫው ዝቅታ ብቻ አይወስኑ። ዝቅ ያለ መቀመጫ የሚጠቅመው በሚቆሙበትና ሞተሩን በሚያዞሩበት ጊዜ ሲሆን፣ የእርስዎ ሕመም ግን በጉዞ ላይ ለሁለት ሰዓት ተቀምጠው የሚመጣ ነው። ሞተሩ ዝቅ ሲል ሆዱም ወደ መሬት ይቀርባል። የሜቲዮር ሆድ ከመሬት 17 ሳንቲ ሜትር ይርቃል፤ የሬብሉ ግን 14 እንኳ አይሞላም፤ ሁለት ሰው ተቀምጦበት፣ ሾኩ (ንዝረት የሚያበርደው ስፕሪንግ) ወርዶ፣ በመንደር መግቢያ ላይ ያለውን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሲሻገሩ ልዩነቱ በጆሮዎ ይሰማዎታል።

ሁለተኛው ጉዳይ ከፍታው ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ታቦር ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ማንኛውም ሞተር በባሕር ጠለል ላይ ከሚኖረው ጉልበት እዚህ አንድ አምስተኛ፣ እዚያ ላይ ደግሞ ሩብ ያህሉን ያጣል። ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ያለው ሞተር ከዚህ በተጨማሪ አየሩ ሲያንስ ነዳጁን አይቀንስም፤ ስለዚህ ይታፈናል፣ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፣ ቤንዚንም ይበላል። በኢንጀክሽን፣ ማለትም ነዳጁን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለክቶ በሚረጭ ዘዴ፣ የሚሠራው ግን ልኩን ራሱ ያስተካክላል። ሜቲዮርም ሬብልም ኢንጀክሽን ናቸው። አቬንጀሩ እ.ኤ.አ. ከ2020 በፊት የተሠራ ከሆነ ካርቡሬተር ነው፤ በአንጻሩ ሞተሩ ከፑልሳር 220 ጋር ስለሚዛመድ ዕቃ ለማግኘት ከሦስቱ ይቀላል።

ጎማውንም ይመልከቱ። ሬብሉ ከፊትም ከኋላም ሰፋፊ ባለ 16 ኢንች ጎማ የሚጠቀም በመሆኑ፣ ሲያልቅ ከባሕር ዳር ሱቆች ልኩን ለማግኘት ሊቸገሩ ይችላሉ። ባለ ራጂ (ቸርኬው በቀጫጭን ሽቦ የተወጠረ) የሆነው አቬንጀር ከላማዳሪያ ስላለው ሜዳ ላይ ቢተነፍስ ጎማውን ፈትቶ ጎሚስታ መፈለግ ግድ ነው፤ የሜቲዮር ጎማ ግን ከላማዳሪያ የሌለው ስለሆነ ከውጭ በሚሰካ መጣፊያና በትንሽ መንፊያ ወረታ ድረስ ያደርስዎታል። እኔ ብሆን ሜቲዮሩን እወስድ ነበር። 20 የፈረስ ጉልበት ብቻ ያለው ቢሆንም ጉልበቱን የሚሰጠው ሞተሩ ሳይጮህ፣ በዝቅተኛ ዙር ስለሆነ፣ ባለቤትዎን ይዘው ከወረታ በኋላ ያለውን ዳገት ለመውጣት የሚያስፈልግዎት ይኸው ነው።

መልስ (የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ)

ወንድሜ፣ ስለ አካልህ ልጨምርልህ። ቀጥ ብሎ መቀመጥ አንጓህን ከሸክም ያሳርፈዋል፤ ይህ የክሩዘር እውነተኛ ጥቅም ነው። ይሁን እንጂ እግር ወደ ፊት በተዘረጋ ቁጥር የሰውነት ክብደት በሙሉ በጅራት አጥንትና በታችኛው ወገብ ላይ ያርፋል፤ ጉድጓድ ሲመጣም በእግርህ ተደግፈህ ከመቀመጫው ብድግ ማለት ስለማትችል ንዝረቱን የሚቀበለው አከርካሪህ ነው። ስለዚህ ሞተሩን ስትሞክር አምስት ደቂቃ ተቀምጠህ አትነሣ፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ንዳው። ክርንህ ትንሽ መታጠፍ አለበት፤ መሪውን ለመያዝ ትከሻህ ወደ ፊት የሚሳብ ከሆነ መሪው ለአንተ ሩቅ ነው ማለት ነው። ጉልበትህም ቀጥ ብሎ የሚዘረጋ ሳይሆን ታጥፎ የሚያርፍ ይሁን።

የትኛውንም ብትገዛ ሐሙሲት ላይ አንድ ጊዜ፣ ወረታ ላይ አንድ ጊዜ ወርደህ አሥር ደቂቃ ተራመድ። የሚያደነዝዘው ሳይንቀሳቀሱ መቆየት በመሆኑ ይህን እረፍት የሚተካ መቀመጫ የለም።

መልስ (የሬብል 500 ባለቤት)

የሬብልን ነገር ትንሽ ላስተካክል። ከሦስቱ የእግር ማሳረፊያው ይበልጥ ከነጂው ሥር የሚውለው የእሱ ነው፤ ስለዚህ እህታችን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የገለጸችው ችግር በሬብል ላይ ያን ያህል አይከብድም፤ ጉድጓድ ላይ ብድግ ማለት ይቻላል። ሁለት ሲሊንደር ስለሆነም በአስፋልት ላይ ንዝረቱ ጥቂት ነው። ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ከልቤ እመክረዋለሁ። ነገር ግን የኋላ መቀመጫው ጠባብና ስስ ስለሆነ እኔ ባለቤቴን ከዘጌ መገንጠያ አልፌ አሳፍሬ አላውቅም። ሰርባቶዮውም (የነዳጅ ታንከሩ) 11 ሊትር ጥቂት ቢያልፍ ነው፤ የሜቲዮር ግን 15 ሊትር ይይዛል። ቤንዚን በሚጠፋበት ሰሞን ደብረ ታቦር ደርሶ ሳይቀዱ መመለስ መቻል ቀላል ነገር አይደለም።

መልስ (ጡረተኛ የመንገድ ቀያሽ)

ልጄ፣ ይህን መንገድ ከፒስታ ዘመኑ ጀምሮ አውቀዋለሁና ስለ አነዳዱ ልንገርህ። ክሩዘር ከፊት ጎማው እስከ ኋላ ጎማው ያለው ርቀት ረጅም ስለሆነ በቀጥታ መንገድ ላይ ይረጋጋል፤ በድንገት ለመታጠፍ ግን እንደ ቦክሰርህ አይታዘዝም። ከጉማራ ድልድይ እስከ ወረታ ባለው የፎገራ ሜዳ ላይ አመሻሹን ከብት ወደ ቤቱ ሲገባ አስፋልቱን ይሞላዋል። እዚያ ላይ በመጠምዘዝ ለማምለጥ ከመሞከር ይልቅ ከሩቁ ፍጥነት መቀነስን ልመድ። ስትመለስ ደግሞ ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ያለውን ቁልቁለት በማርሽ ይዘህ ውረድ፤ በፍሬን ብቻ ከወረድክ ፍሬኑ ይግላል፣ የሚይዝልህም በሚያስፈልግህ ሰዓት ላይ አይደለም። በክረምት ከሰዓት በኋላ የጣና ደመና ሲከብድ አትነሣ፤ እናትህ ዘንድ እደር።

ጠያቂው እንደገና

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴን አፈናጥጬ ሜቲዮሩን እስከ ሐሙሲት ነድቼ ተመለስኩ። አንጓዬ አልደነዘዘም፤ ባለቤቴም ከቦክሰሩ ጋር እንደማይወዳደር ነግራኛለች። በመመለሻችን ላይ ግን ጅራት አጥንቴ አካባቢ ጥቂት ተሰምቶኛል። መቀመጫው 76 ሳንቲ ሜትር ተኩል ስለሆነም የሚረግጠው የእግሬ ፊተኛ ክፍል ብቻ ነው፤ ሻጩም የመቀመጫውን ስፖንጅ አስቆርጬ ዝቅ እንዳደርገው መክሮኛል። ላድርገው ወይ?

መልስ (የሞተር ሳይክል ጠጋኝ)

መምህር፣ ስፖንጁን አያስቆርጡ። አሁን የተሰማዎትን ሕመም የሚያባብሰው እሱ ነው፤ ሲሳሳ ከሥሩ ያለው ጠንካራ ፕላስቲክ ላይ ይቀመጣሉ። ሶሉ ወፈር ያለ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ያድርጉ፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ይጨምርልዎታል፤ ሲቆሙም ግራ እግርዎን ሙሉ በሙሉ አስረግጠው ቀኙን ፍሬኑ ላይ ይተዉት። የኋላ ሾኮቹ ደግሞ በስድስት ደረጃ የሚጠብቁ ስለሆኑ ብቻዎን ሲሆኑ ያላሏቸው፣ ባለቤትዎ ሲሳፈሩ ሁለት ደረጃ ያጥብቋቸው። ምናልባት ቅዳሜ የተሰማዎት፣ ሻጩ ለብቻው በሚነዳበት ደረጃ ላይ ትቶት፣ ሾኩ በሁለት ሰው ክብደት እስከ መጨረሻው እየወረደ ይሆናል።

ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ፤ ቦሎውንና የሦስተኛ ወገን መድኑንም ይመልከቱ። ሻጩ አስቀድሞ ሳያሞቀው፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ እርስዎ ራስዎ ያስነሡት፤ ሰማያዊ ጭስ ካሳየ ዘይት እየበላ ነው። በጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት አሐዞችም ያንብቡ፦ 2319 ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው ማለት ነው፤ ይህን ያህል የቆየ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ደርቋልና የሁለት ጎማ ዋጋ ከሒሳቡ ያስቀንሱ። ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ከሻጩ ጋር ይምጡ፤ ካቴናውንና የፊት ሾኩን ዘይት አብረን እናየዋለን።