የሰሚናር እርዳታ፦ ሕፃን ግሊያ ሴል ሶዲየም ቻናል ምን ይሠራለታል?

ጥያቄ፦ የቧንቧ ውሃ ልጅ (ደሴ)

ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት ናችሁ? እዚሁ ደሴ ፊዚዮሎጂ ነው የምማረው። ሰኞ ሰሚናር አለብኝ። ርዕሱ በዕጣ የደረሰኝ ነው፤ «በማደግ ላይ ባሉ የአንጎል ግሊያ ሴሎች ላይ የሚገኙ አዮን ቻናሎችና ሪሴፕተሮች» ይላል (ቻናል በሴል ሽፋን ላይ ያለ የአዮን በር ነው፣ ሪሴፕተር ደግሞ የኬሚካል መልእክት ተቀባይ)። ጓደኛዬ የደም ግፊት የሚለው ርዕስ ደርሷት ትስቅብኛለች። 15 ደቂቃ ላወራ፣ ከዚያ ጥያቄ ሊዘንብብኝ ነው።

የገባኝ ይኼን ያህል ነው። ግሊያ የአንጎል ሴል ነው፣ ግን ነርቭ ሴል አይደለም። አስትሮሳይት አለ፣ ማይክሮግሊያ አለ፣ ማይሊን (የነርቭ ክር መጠቅለያ) የሚሠራው ኦሊጎዴንድሮሳይት አለ። አክሽን ፖቴንሻል፣ ማለትም ነርቭ ሴል መልእክት የሚልክበትን የኤሌክትሪክ ምት፣ አይፈጥሩም ተብለናል። ያነበብኩት ጽሑፍ ግን የኦሊጎዴንድሮሳይት ቀዳሚ ሴል (አድጎ ኦሊጎዴንድሮሳይት የሚሆነው) በቮልቴጅ የሚከፈት ሶዲየም ቻናል አለው ይላል። ነርቭ ሴሎች መልእክት የሚያስተላልፉባቸው ኬሚካሎች የሆኑት የግሉታሜትና የጋባ ሪሴፕተርም አለው። ሲያድግ ደግሞ አብዛኛውን ይጥለዋል። የማይጠቀምበትን ነገር ለምን ይሠራል?

ሌላው፣ ጋባ ሴልን ያረጋጋል ተብለን ነው የተማርነው። እዚህ ግን ያነሳሳል ይላል። ወላሂ ግራ ገባኝ። ስላይዴ የቻናል ስም ብቻ የታጨቀበት ሠንጠረዥ ሆኗል፤ እኔ ራሴ አላነበውም።

መልስ፦ ጦሳ ስር

አብሽሪ እህቴ። መጀመሪያ ሠንጠረዡን ሰርዢው። ማንም አያነብልሽም። በእሱ ፋንታ አንድ ሴል ያዢና ዕድሜውን ተከተይ። ያ ቀዳሚ ሴል ራሱ ይበቃሻል።

ሴሉ ወጣት ሳለ ሥራው መከፋፈልና መንቀሳቀስ ነው። በዚህ ዕድሜው ሶዲየም ቻናል አለው፣ በርከት ያለ ፖታሲየም ቻናል አለው፣ አምፓ የሚባለው የግሉታሜት ሪሴፕተርም አለው። በ2000 በርግልስና ባልደረቦቹ ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ነርቭ ሴሎች ከእነዚህ ቀዳሚ ሴሎች ጋር እውነተኛ ሲናፕስ (መልእክት የሚተላለፍበት መገናኛ) እንደሚሠሩ አሳዩ። እስከዚያ ድረስ ሲናፕስ የነርቭ ሴል ጉዳይ ብቻ ነበር የሚመስለው። ስለዚህ «ለምኑ?» ላልሽው አጭሩ መልስ ለማዳመጥ ነው። ነርቩ ሥራ ላይ መሆኑን ይሰማል።

ከሰማ በኋላስ? እዚህ ጋ ቆም በዪ፤ የሰሚናርሽ ሥጋ ይኼ ነው። በ1996 እነ ጋሎ ከአይጥ የተወሰዱ ቀዳሚ ሴሎችን አሳድገው ግሉታሜት ሲሰጧቸው መከፋፈል ቀነሱ። መንገዱ እንዲህ ነው። አምፓ ሲከፈት ሶዲየም ይገባል። የገባው ሶዲየም ፖታሲየም ቻናሎቹን ከውስጥ በኩል ይዘጋል። ፖታሲየም ቻናል በመድኃኒት ቢዘጋም ውጤቱ ያው ነው፤ ሴሉ ጂ 1 በሚባለው ከመከፋፈል በፊት ያለ ደረጃ ላይ ይቆማል፣ አይከፈልም። ኬቪ 1.3 የሚባለው ቻናል ደግሞ ሴሉ ለመከፋፈል ሲዘጋጅ ይጨምራል። ስለዚህ ቻናሎቹ ሴሉ ይከፈል ወይስ ይቁም የሚለው ውሳኔ ውስጥ እጃቸው አለበት። መልእክት መላክ የእነሱ ሥራ አይደለም። ሴሉ አድጎ ማይሊን መጠቅለል ሲጀምር ይኼ ውሳኔ ያበቃል። ያኔ ሶዲየም ቻናሉ ይጠፋል፣ ኪር የሚባለው ፖታሲየም ቻናል ቤቱን ይይዛል።

አንድ ነገር፣ «ግሊያ በፍጹም አክሽን ፖቴንሻል አይፈጥርም» ብለሽ በሩን አትዝጊ። በ2008 አንዳንድ ቀዳሚ ሴሎች ሲፈጥሩ ታይቷል። «አብዛኞቹ አይፈጥሩም» ካልሽ ማንም አይይዝሽም።

መልስ፦ የሃረጎ ልጅ (ኮምቦልቻ)

የጋባዋን እኔ ልውሰዳት። ጋባ ኤ ሪሴፕተር ክሎራይድ የሚያሳልፍ በር ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። የመናኸሪያ በር ሲከፈት ሰው ይግባ ወይስ ይውጣ በሩ አይወስንም፤ የሚወስነው የትኛው ወገን እንደተጨናነቀ ነው።

በሕፃንነቱ ነርቭ ሴልም ግሊያም ኤንኬሲሲ 1 የሚባል አጓጓዥ አላቸው። ክሎራይድ ወደ ውስጥ ያስገባል። ውስጡ ስለሚሞላ ጋባ በሩን ሲከፍት ክሎራይድ ይወጣል። ኔጌቲቭ ነገር ሲወጣ የሴሉ ውስጥ ኔጌቲቭነቱ ይቀንሳል፣ ማለትም ሴሉ ይነሳሳል። ነርቭ ሴል ሲያድግ ኬሲሲ 2 የሚባል ሌላ አጓጓዥ ያወጣና ክሎራይዱን ወደ ውጭ ይጠርጋል። ከዚያ በኋላ ነው ጋባ «አረጋጊ» የሚሆነው። ግሊያው ውስጥ ግን ክሎራይዱ ከፍ እንዳለ ይቆያል፤ ስለዚህ ካደገም በኋላ ጋባ ያነሳሳዋል። የተማርሽው ልክ ነው፤ ያደገ ነርቭ ሴልን ነው የተማርሽው።

ጠያቂዋ

ጀዛኩሙላህ፣ በጣም ነው የማመሰግነው። ስለ አስትሮሳይትስ አንድ ነገር ልበል ወይስ ልዝለለው? ኢንስትራክተራችን ስሌት ይወዳል።

መልስ፦ ጦሳ ስር

ስሌት ከወደደማ ኪር 4.1ን አትዝለይ፤ የአስትሮሳይት ዋናው ፖታሲየም ቻናል ነው። ፓች ክላምፕ (በቻናል የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ የሚለካው ዘዴ) ገና ሳይኖር፣ በ1966፣ ኩፍለር፣ ኒኮልስና ኦርካንድ የግሊያ ቮልቴጅ ከውጭ ያለውን ፖታሲየም ተከትሎ እንደሚሄድ አሳይተዋል። የሠሩት ኔክቱረስ በሚባል እንሽላሊት መሰል የውኃ እንስሳ የዓይን ነርቭ ላይ ነው።

ሰሌዳ ላይ ይኼን ጻፊ። ሴሉ ውስጥ ፖታሲየም 140 ሚሊሞላር፣ ውጭ 3። በኔርንስት ቀመር (አዮኑ ሚዛን የሚያገኝበትን ቮልቴጅ የሚሰጠው)፣ በሰውነት ሙቀት፣ የውጩን ለውስጡ አካፍለሽ ሎጉን በ61.5 ታባዢያለሽ። ኔጌቲቭ 103 ሚሊቮልት ገደማ ይወጣል። ነርቮች በኃይል ሲሠሩ ፖታሲየም ይተፋሉ። ውጩ 12 ደረሰ እንበል። አሁን ኔጌቲቭ 66 ይሆናል። 37 ሚሊቮልት ተንቀሳቀሰ ማለት ነው፣ ውስጡ ምንም ሳይነካ። እውነተኛ አስትሮሳይት ላይ ሲለካ ኔጌቲቭ 80 አካባቢ ነው የሚገኘው፤ ፖታሲየም ብቻውን ስላልሆነ። ይኼን ራስሽ ቅደሚና ተናገሪ፣ አለዚያ ይጠይቅሻል።

ከሴሉ ዕድገት ጋር የሚያያዘው እዚህ ነው። ገና የተወለደ አይጥ አስትሮሳይት ኪር 4.1 ትንሽ ነው ያለው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እየጨመረ ሲሄድ ሴሉ ይበልጥ ኔጌቲቭ ይሆናል፣ ፖታሲየም የማጽዳት አቅሙም ያድጋል። ሰው ላይ የዚህ ቻናል ጂን፣ ኬሲኤንጄ 10፣ ሲበላሽ ምን እንደሚመጣ በ2009 ታውቋል፦ የሚጥል በሽታ፣ የሚዛን ችግር፣ የመስማት ችግር፣ ኩላሊት ጨው አለመያዙ። ክፍሉን ከእንቅልፉ የምትቀሰቅሺው በዚህ ነው።

መልስ፦ ሰኞ ገበያ

ከሳይንሱ ብዙም የለሁበትም፤ ግን ስላይድሽ ላይ «ግሊያ ከነርቭ ሴል 10 እጥፍ ይበልጣል» የሚል ካለ አውጪው። በ2009 ሲቆጠር 86 ቢሊዮን ነርቭ ሴልና 85 ቢሊዮን ገደማ ሌላ ሴል ነው የተገኘው። ሌክቸር ላይ ግን እስከዛሬ ይደገማል። ላፕቶፕሽንም እሑድ ማታ ቻርጅ አድርጊው፤ መብራት ነገር አይታመንም። ሥዕሉን በእጅ ፍሊፕ ቻርት ላይ ብትይዢው ይሻላል።

መልስ፦ አዋላጇ (ኮምቦልቻ)

ልጄ፣ ይኼ ነገር የአይጥ ብቻ አይደለም። ያለጊዜያቸው የሚወለዱትን ሕፃናት እኛ እናውቃቸዋለን። ከ23 እስከ 32 ሳምንት ባለው ጊዜ የሕፃኑ አንጎል በእነዚህ ወጣት የኦሊጎዴንድሮሳይት ሴሎች የተሞላ ነው። ኦክስጅን ሲያጥር ግሉታሜት ውጭ ይጠራቀማል። የእነዚህ ወጣት ሴሎች አምፓ ሪሴፕተር ካልሲየምም ያሳልፋል፤ ካልሲየሙ ይገባና ሴሉን ይገድለዋል። ነጩ የአንጎል ክፍል ይጎዳል። በኋላ እግሩ የሚገተር፣ መራመድ የሚያቅተው ልጅ ሆኖ ይመጣል። ይኼን ብትጨምሪ ርዕስሽ ነፍስ ይዘራል። ከ32 ሳምንት በፊት ልትወልድ ለደረሰች እናት ማግኒዚየም ሰልፌት እንዲሰጥ የዓለም ጤና ድርጅትም ይመክራል፤ ለሕፃኑ አንጎል ተብሎ ነው። ማግኒዚየም ደግሞ ኤንኤምዲኤ የሚባለውን ሌላ የግሉታሜት ሪሴፕተር እንደሚዘጋ ተምረሻል።

ጠያቂዋ

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልን! እንግዲህ «ማግኒዚየም የግሊያውን ሪሴፕተር ዘግቶ ያድናል» ብዬ ልጨርስ?

መልስ፦ ጦሳ ስር

ሲስተር ያሉት ልክ ነው፤ ማግኒዚየሙ ልጆቹ ሽባ የመሆን ዕድላቸውን ይቀንሳል፣ ይኼ በሙከራ የተረጋገጠ ነው። «በግሊያው በኩል ነው» የሚለውን ግን አታክዪበት። በ2005 ኦሊጎዴንድሮሳይቶች ላይ የተገኘው ኤንኤምዲኤ ሪሴፕተር ማግኒዚየም በደንብ የማይዘጋው ዓይነት ነው። ስለዚህ «ይጠቅማል፤ መንገዱ ገና አከራካሪ ነው» በዪ። ኢንስትራክተርሽ «ለምን አከራካሪ?» ካለሽ ይቺን የ2005 ግኝት አውጪለት።