የድሮ የእንግሊዝ ጠርሙስ፦ ክዳኑ አልወጣ ብሎኛል፣ ውስጡም ጭጋግ ይዟል

ሶስና (በርሚንግሃም)፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ጎረቤቴ የነበሩ እንግሊዛዊት አዛውንት ቤት ሲቀይሩ የአያታቸውን የወይን መቅጃ ጠርሙስ ሰጡኝ። ክብደቱ ለጉድ ነው። ከሥሩ መሃል ላይ ሻካራ ጠባሳ አለው። የብርጭቆ ክዳኑ ተጣብቋል፣ ውስጡ ነጭ ጭጋግ ይዟል። ለበዓል ጠጅ ላቀርብበት አስቤያለሁ። እንዴት ልክፈተው? በትንፋሽ የተነፋ የድሮ ዕቃ ነው ወይ?

አቤል፦
ሶስና፣ በጉልበት እንዳትጠመዝዢው! አንገቱ ይሰበራል። በክዳኑ ዙሪያ ጥቂት የምግብ ዘይት አንጠባጥቢና አሳድሪው። ጠዋት በእንጨት ማንኪያ ክዳኑን ከግራና ከቀኝ ቀስ እያልሽ መታ መታ አድርጊ። ታች ፎጣ አንጥፊ። የፈላ ውሃ አይነካው፤ ወፍራም ብርጭቆ በድንገት ሲሞቅ ይሰነጠቃል።

ጋሼ (የብርጭቆ ወዳጅ)፦
ልጄ፣ ጠባሳው ጥሩ ምልክት ነው። ነፊው አፉን ሲያበጅ ጠርሙሱ ከሥሩ በብረት ዘንግ ይያዛል፤ ጠባሳው ዘንጉ ሲነቀል የሚቀር ነው። ግን ዛሬም በእጅ የሚሠሩ ስላሉ እሱ ብቻ ዕድሜ አይናገርም። መቀመጫውን በአጉሊ መነጽር እዪው። የዘመናት ጭረት ወዲያና ወዲህ የተዘበራረቀ ነው፤ ሆን ተብሎ የተፋቀ ግን ባንድ አቅጣጫ ይሄዳል። ክብደቱ ብርጭቆው ውስጥ ከተቀላቀለ እርሳስ (ከባዱ ብረት) ይመስለኛል። ብርጭቆ ሠሪው ጆርጅ ሬቨንስክሮፍት እ.ኤ.አ. በ1674 ለንደን ውስጥ ፈቃድ ያወጣበት ብርጭቆ በኋላ እርሳስ ተጨምሮበት ነው የእንግሊዝ መታወቂያ የሆነው። ክዳኑ ሲወጣልሽ ደግሞ ቁጥር ፈልጊ። ድሮ እያንዳንዱ ክዳን በራሱ ጠርሙስ አፍ ልክ ይሞረድ ነበር። እንዳይቀያየር ብለው በሁለቱም ላይ አንድ ቁጥር ይጭሩ ነበር።

ትዕግስት፦
ለጭጋጉ፣ ለብ ባለ ውሃ ኮምጣጤ ቀላቅለሽ አንድ ሌሊት ተዪው። ከዚያ ጥሬ ሩዝና ውሃ ጨምረሽ በቀስታ አሽከርክሪው። የውሃ ኖራ ከሆነ ይለቃል። ካልለቀቀ ብርጭቆው ራሱ ተበልቷል ማለት ነው፤ ያንን ባለሙያ ብቻ ነው የሚያነሳው። በማሽን ግን በጭራሽ አይታጠብ።

አቤል፦
እርሳስ ካለው ጠጅ አታሳድሪበት፤ ወደ መጠጡ ቀስ በቀስ ይወጣል። ለልጆችና ለነፍሰ ጡር አትቅጂበት።

ሶስና፦
እግዜር ይስጥልኝ! በዘይቱ ወጣ። አንገቱም ክዳኑም ላይ 14 ተጭሯል! ጠጁን በሌላ ዕቃ አቀርባለሁ፣ ይሄ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ።

ጋሼ (የብርጭቆ ወዳጅ)፦
እሰይ! እንግዲያው ክዳኑ የራሱ ነው። ውስጡ በደንብ ሳይደርቅ እንዳትከድኚው፣ ጭጋጉን የሚያመጣው የታፈነ እርጥበት ነው።