«ልጄ አሰልጣኝ እሆናለሁ አለኝ» ላልሽው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ያነበብኩት ሥራ ቦታ ነው። ቀኑን ሙሉ ከሐሳቤ አልወጣም። ልጅሽ 200 ሜትር ይሮጣል። ኮሌጅ ገብቶ የስፖርት ሳይንስ ተምሮ አሰልጣኝ መሆን ይፈልጋል። አባቱ ደግሞ «ይህን ሁሉ ዓመት የለፋነው ፊሽካ እንዲነፋ ነው?» ብሎ አኩርፏል። አልፈርድበትም። እኔም አባት ነኝ። ልጄ ያንኑ ስትለኝ ያንኑ ነው ያልኳት።

የምኖረው ዱርሃም፣ ኖርዝ ካሮላይና ነው። እዚህ ጥቁር አሜሪካውያን እንዲማሩበት የተቋቋመ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ኖርዝ ካሮላይና ሴንትራል። የዶክተር ሊሮይ ዎከርን ታሪክ የሰማሁት በዚህ ከተማ ነው። ለባለቤትሽ ንገሪልኝ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ዎከር በ1918 አትላንታ ተወለዱ። አያቶቻቸው በባርነት የኖሩ ናቸው። ከ13 ልጆች የመጨረሻው ነበሩ። አባታቸው ገና በልጅነታቸው ሞቱባቸውና ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ታላቅ ወንድማቸው ጋ አደጉ። ኮሌጅ ጨርሰው ማስተርሳቸውን ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያዙ። በ1945 ዱርሃም፣ ወደዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሲመጡ የተቀጠሩት ለአሜሪካ ፉትቦልና ለቅርጫት ኳስ አሰልጣኝነት ነው። ሩጫውን የጀመሩት ተጫዋቾቻቸው ጉልበት እንዲያገኙ ብለው ነበር። በኋላ ስማቸውን ያስጠራው እሱ ሆነ።

ተማሪያቸው ሊ ካልሁን በ110 ሜትር መሰናክል በ1956 ሜልቦርን፣ በ1960 ደግሞ ሮም ላይ ወርቅ ወሰደ። ሙኒክ ላይ በ1972 ኬንያ በ4 በ400 ዱላ ቅብብል ወርቅ ስታገኝ ከሯጮቹ ሁለቱ፣ ጁሊየስ ሳንግና ሮበርት ኡኮ፣ እዚሁ ዱርሃም የተማሩ ናቸው።

አሁን ባለቤትሽ ጆሮ የሚሰጠው ነገር ይመጣል። ዎከር ዶክትሬታቸውን የያዙት በ1957 ነው፣ የሜልቦርኑ ወርቅ ከመጣ በኋላ። የተማሩት ባዮሜካኒክስ ነው፤ ሰውነት ሲሮጥ፣ ሲዘል ጉልበቱን እንዴት እንደሚጠቀም የሚያጠና ትምህርት። ተማሪያቸው የዓለም አንደኛ ሆኖላቸው እንኳ ደብተራቸውን አልዘጉም። ይህ በጣም ይገርመኛል።

በ1976 ሞንትሪያል ላይ የአሜሪካ ወንዶች አትሌቲክስ ቡድን ዋና አሰልጣኝ ሆኑ፣ ከጥቁር አሜሪካውያን የመጀመሪያው። በ1983 የዚያው የሩጫ አሰልጣኝ የነበሩበት ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር፣ ማለትም የበላይ ኃላፊ፣ ሆነው ሦስት ዓመት መሩት። ከ1992 እስከ 1996 ደግሞ የአሜሪካ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ፕሬዝዳንት ነበሩ። ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን፣ ኃይሌ 10,000ውን ያሸነፉበት የአትላንታ ኦሎምፒክ በእሳቸው ዘመን፣ በተወለዱበት ከተማ ነው የተካሄደው። በ2012 በ93 ዓመታቸው ዱርሃም ውስጥ አረፉ።

አገራችንንም ያውቋታል። ለሮም ኦሎምፒክ ከኢትዮጵያና ከእስራኤል ቡድኖች ጋር ሠርተዋል። የአበበ ቢቂላ አሰልጣኝ ግን ኦኒ ኒስካነን ናቸው፤ እንዳይምታታ።

ልጅሽ ዎከርን ይሆናል እያልኩሽ አይደለም። አሰልጣኝነት እዚህ አገር የተማረ ሰው ሥራ ነው ለማለት ነው። ባለፈው ጸደይ የልጄ ውድድር ላይ አንድ ወጣት ረዳት አሰልጣኝ አየሁ። ተንበርክኮ ከመነሻው መስመር በጫማው ሁለት ለክቶ ለአንዲት የምትንቀጠቀጥ ልጅ የመነሻ ብሎኳን፣ እግር የሚደገፍበትን፣ አስተካከለላት። «እጅሽን አላልተሽ ያዥው» አላት፣ ሌላ ምንም አላለም። ማታ አውቶቡስ ውስጥ ያው ረዳት አሰልጣኝ ላፕቶፑን ከፍቶ ማን ከማን ጋር ሆቴል እንደሚያድር፣ ለምሳ ስንት እንደወጣ ይመዘግባል። የቢሮ ሰው የሚሆነው እንዲህ እያለ ነው፤ በጀት፣ ጉዞ፣ የተማሪዎች ውጤት፣ ሁሉም እጁ ላይ ያልፋል።

መነሻው ላይ ደመወዙ ትንሽ ነው፣ አልዋሽሽም። ግን ብዙ ኮሌጆች ማስተርስ የሚማሩ ልጆችን ረዳት አድርገው ይቀጥሩና የትምህርት ክፍያውን ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል ይሸፍኑላቸዋል። ይህን ጠይቁ።

*

የእናትየው መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ እራት ላይ አነበብኩለት። የሮሙን ሲሰማ «እስቲ ድገሚው» አለኝ። አሁን አንድ ጥያቄ አለው። ልጁን የጠራው ኮሌጅ በኮሌጆች ስፖርት ሦስተኛው ምድብ፣ ዲቪዥን 3 የሚሉት ነው። ስኮላርሺፕ አለው ወይ?

መልስ፦ በስፖርት ስም የለውም፤ ዲቪዥን 3 ለሩጫ ብሎ ገንዘብ አይሰጥም። በትምህርት ውጤቱና በቤተሰቡ ገቢ ግን ይሰጣሉ፣ አንዳንዴም ደህና አድርገው። ስለዚህ ፋፍሳውን (FAFSA)፣ የመንግሥት የትምህርት እርዳታ መጠየቂያ ቅጹን፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ ሙሉ። የግብር ወረቀታችሁን አዘጋጁ። ኮሌጁ የሚልከውን የገንዘብ እርዳታ ደብዳቤ ስታገኙ ብድሩንና እርዳታውን ለይታችሁ አንብቡ፣ አንድ ላይ ደምረው ስለሚጽፉት ያሳስታል። ካልገባችሁ ስልክ ደውሉልኝ፣ አብረን እናየዋለን።