የነዳጅ አውቶሞቢል ክልከላና ጅማ፦ ችግሩ ሙቀቱ ነው ወይስ መስመሩ?

አወያይ፦ የዚህ ሳምንት የክርክር ጥያቄያችን የሚከተለው ነው። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ካስታወቀ ወዲህ መኪና ለመግዛት የሚያስብ የጅማ ነዋሪ ምርጫው በተግባር ሁለት ብቻ ሆኗል። አንድም በአገር ውስጥ ያለውንና ዋጋው የናረውን አሮጌ የነዳጅ መኪና ይገዛል፣ አለዚያም የኤሌክትሪክ መኪና አምጥቶ ከግቢው ሶኬት ጋር ይታገላል። ክልከላው ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ለምንርቀው ለእኛ ጊዜውን የጠበቀ ነበርን? አንዳንድ አባላት አስቀድመው “አገሩ ሙቅ ስለሆነ ባትሪው አይበረክትም” የሚል አስተያየት ስለሰጡ ከእርሱ እንጀምር። የፓርቲ ፖለቲካውን ለሌላ ቀን እናቆየው።

ሐጂ (የቡና ነጋዴ)፦ የሙቀቱን ነገር ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ አሁንም አልተውኩትም። እኔ ለንግድ ሊሙም፣ ቦንጋም፣ አንዳንዴም ጋምቤላ ድረስ እወርዳለሁ። ከአንድ መኪና ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ባትሪ ከሆነና ያ ባትሪ ሙቀት የማይወድ ከሆነ፣ ልጆቼ የሚወርሱት ብረት ብቻ ነው ማለት ነው። የድሮውን ላንድክሩዘር ሞተሩን አስወርደን በጋራዥ እናስጠግነዋለን፤ ይህንን ማን ያወርደዋል?

የኬሚስትሪ መምህር፦ ሐጂ፣ ስጋትዎ ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። የሊቲየም ባትሪን የሚያስረጁት በውስጡ የሚካሄዱ ኬሚካዊ ለውጦች ሙቀት በጨመረ ቁጥር ይፈጥናሉ፤ በኬሚስትሪ እንደ ግምት የምንይዘው ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነታቸው ወደ እጥፍ እንደሚጠጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ አሪዞና፣ በፊኒክስ ከተማና አካባቢዋ የኒሳን ሊፍ ባለቤቶች ባትሪያቸው ያለ ጊዜው አቅም አጣ ብለው አቤቱታ ያሰሙት በዚሁ ምክንያት ነበር። ይሁን እንጂ የዚያ መኪና ባትሪ በፈሳሽ የሚቀዘቅዝበት ሥርዓት አልነበረውም፤ የፊኒክስ በጋም ለሳምንታት ከ40 ዲግሪ በላይ የሚዘልቅ ነው። የእኛ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለችና በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ስትሆን፣ በየካቲትና በመጋቢት እንኳ የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል።

በተጨማሪም ባትሪ ሁሉ አንድ አይደለም። ቢዋይዲ ሲገልን በመሰሉ አነስተኛ መኪናዎች ላይ ያለው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ኒኬልና ኮባልት ካለበት ባትሪ ይልቅ ሙቀትን ይችላል። ኒኬል ያለበትን በየቀኑ ከ80 በመቶ በላይ አለመሙላት ይመከራል፤ የብረት ፎስፌቱን ግን አልፎ አልፎ እስከ 100 መሙላት ያስፈልጋል፣ ያለዚያ ጠቋሚው የቀረውን ኃይል በትክክል መገመት ያቅተዋል። ለሁለቱም የሚጎዳቸው ሙሉ በሙሉ ተሞልተው ፀሐይ ላይ ለቀናት መቆም ነው። ከማንጎ ዛፍ ሥር ማቆም የሚችል የጅማ ሰው በዚህ ረገድ ብዙ የሚያሳስበው ነገር ያለ አይመስለኝም። ክርክሩ ጋምቤላ ወይም ዱብቲ ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር።

ሐጂ፦ መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ነገር ግን የጅማ ሰው ጅማ ውስጥ ብቻ ሲዞር አይኖርም። ግቤ በረሃስ?

የረጅም መንገድ ሾፌር፦ ስለ ግቤ እኔ ልመልስ፤ በሁለቱም ዓይነት መኪና ስለማልፍበት። መንገዱ ከወልቂጤ ወዲህ ወደ ግቤ ወንዝ ሲወርድ ከፍታው ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ሙቀቱም እንደምታውቁት ነው። ሆኖም ሸለቆውን ለማለፍ ከአንድ ሰዓት በታች ይበቃል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከባትሪው ይልቅ ተሳፋሪው ነው የሚጨነቀው። ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ራሱን እየያዘ ኃይል ወደ ባትሪው ስለሚመልስ የፍሬን ሸራ አይቃጠልም፤ በነዳጅ መኪና ያንን ቁልቁለት የወረደ ሰው የሸራውን ሽታ ያውቀዋል። ወደ አበልቲ ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ የተመለሰውን ኃይል ይበላዋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከእነዚህ መኪናዎች ትንሹ ዓይነት፣ 38.9 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያለው ሲገል፣ በቻይና መለኪያ 405 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይባላል። በእኛ መንገድ፣ በጭነትና በአቀበት፣ 300 ከሄደ ጥሩ ነው። ከአዲስ አበባ ስንመጣ በጥቅሉ ወደ 600 ሜትር ያህል ስለምንወርድ ይቀለናል፤ ስንመለስ ግን ያንኑ ከፍታ መውጣት አለብን። ስለዚህ መሐል ላይ መሙላት ግድ ነው፤ መሐል ላይ ደግሞ በሆቴል ዘበኛ ልመና ከተገኘች ሶኬት በቀር የምተማመንበት ነገር የለም። በዚያች ሶኬት የጠፋውን ለመመለስ ሌሊቱን ሙሉ ማደር ያስፈልጋል።

የኬሚስትሪ መምህር፦ ጋሼ ለተናገሩት አንድ ስሌት ልጨምር። 1,600 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከግቤ ድልድይ እስከ ጅማ ከፍታ ያለውን 700 ሜትር ገደማ ለመውጣት ብቻ 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል፤ ከዚያ ላይ የሞተሩ ብክነት አለ። ይህ ከትንሹ ባትሪ አንድ አሥረኛውን እንኳ አይሞላም። አቀበቱ ያስፈራል እንጂ መኪና አያስቀርም።

የኤሌክትሪክ ባለሙያ፦ ስለ ባትሪው ይህን ያህል ከተባለ፣ ማንም ወዳልነካው ነገር ልውሰዳችሁ። በዚህ ከተማ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝተው ወደ እኔ የሚደውሉ ሰዎች የሚያነሡት የመጀመሪያ ጥያቄ “ቻርጀሩ ቀይ መብራት አበራ፣ አልሞላም አለ” የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ቻርጀሩ ምንም አልሆነም፤ ቤቱ ግራውንድ የለውም። በሄርማታም ሆነ በመንደራ ያሉት አሮጌ ቤቶች ሁለት ሽቦ ብቻ ተስቦላቸው የተሠሩ ናቸው። ቻርጀሩ ወደ መሬት የሚወርድ መስመር ካላገኘ ሥራ አልጀምርም ይላል፤ ልክም ነው፣ ምክንያቱም ብልሽት ቢፈጠር የመኪናው አካል ኤሌክትሪክ ይዞ የነካውን ሰው ሊገድል ይችላል። አንዳንድ ሠራተኛ ግራውንዱን ከኒውትራሉ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ከሚመለስበት ሽቦ ጋር አገናኝቶ ቻርጀሩን “ያታልልላችኋል”። እባካችሁ ይህንን አትፍቀዱ። ኒውትራሉ መንገድ ላይ የተበጠሰ ዕለት፣ በእኛ ክረምት ደግሞ ዛፍ ወድቆ መበጠሱ አይቀርም፣ መኪናው ራሱ ኤሌክትሪክ ይሆናል። የመዳብ ዘንግ እርጥብ መሬት ውስጥ አስቀብሮ በመሣሪያ ማስለካት ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ወጪ ነው።

ሁለተኛው የሽቦው ውፍረት ነው። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በ10 አምፒር ሲሠራ 2 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ ባዶውን ትንሽ ባትሪ ለመሙላት ወደ 20 ሰዓት ይጠጋል። በ16 አምፒር ሲሆን 3.5 ኪሎዋት ነው፤ ይኸውም አንድ የእንጀራ ምጣድ የሚስበውን ያህል ነው። ልዩነቱ እንጀራ ሁለት ሰዓት ተጋግሮ ማለቁና መኪናው ሌሊቱን ሙሉ መጣዱ ነው። ለቴሌቪዥን የተሳበ ቀጭን ሽቦና የላላ ሶኬት ይህንን አይችልም፤ ሶኬቱ ቀልጦ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ አይቼ አውቃለሁ። ለመኪናው ከቆጣሪው የሚነሣ ለብቻው መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። ዝናቡ አያሳስባችሁ፤ የመኪናው መሰኪያ ውሃ እንዳያስገባ ሆኖ የተሠራ ነው። የሚያሰጋው ግቢው ውስጥ በላስቲክ ተሸፍኖ የተንጠለጠለው ኤክስቴንሽን ነው።

ሦስተኛው የሠፈሩ ትራንስፎርመር ነው፤ የክርክሩ እምብርትም እርሱ ይመስለኛል። በአንድ ባለ 100 ኪሎቮልት አምፒር ትራንስፎርመር ሥር 20 መኪናዎች በ16 አምፒር ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ አብረው ቢሰኩ 70 ኪሎዋት የሚሆነውን እነርሱ ወሰዱት ማለት ነው፤ ምጣዱም፣ ምድጃውም፣ መብራቱም በተረፈው ላይ ይሻማሉ። የመስመሩ ጫፍ ላይ ያለ ቤት 220 ሊደርሰው የሚገባው ቮልቴጅ ከ180 በታች ሲወርድበት ፍሪጁ ይቃጠላል። መኪናው የጎረቤት ጉዳይ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ እንዲጀምር ሰዓት መሙላት ብዙውን ጭንቀት ያቃልላል፤ ብዙዎቹ መኪናዎች ይህንን ይችላሉ፣ ማውጫቸው በቻይንኛ ሆኖ ባለቤቶቹ አላገኙትም እንጂ።

የባንክ ሠራተኛ (ተከራይ)፦ እህቴ ያለችው ሁሉ የራሱ ቤት ላለው ሰው ነው። እኔ ቦሳ አዲስ ከሌሎች ተከራዮች ጋር በአንድ ቆጣሪ ነው የምኖረው። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ወደ ከፍተኛው እርከን የሚወጣ ስለሆነ፣ በወር 1,000 ኪሎ ሜትር የምነዳ ብሆን በዚያ ቆጣሪ ላይ የምጨምረው 150 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የሁሉንም ሰው ሒሳብ ያስወድደዋል። አከራዬ “መኪናህን ሌላ ቦታ አብላ” አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። ሌላው ቦታ የት ነው? በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪና ከኤክሳይዝ፣ ከሱር ታክስና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ሲደረግ፣ ተገጣጥሞ የሚመጣውም 15 በመቶ ብቻ ጉምሩክ እንዲከፍል ሲወሰን ደስ ብሎኝ ነበር። የግብር ማበረታቻው ግን ሶኬት አይሆንም። ክልከላው ግቢ ላለው ሰው በር ከፍቶ ተከራዩን ውጭ የተወ ይመስለኛል።

የባጃጅ ባለንብረት፦ እኔ የማየው ሌላውን ወገን ነው። ቤንዚን ጠፍቶ ወረፋ የምናድርባቸውን ቀናት፣ በጎን በላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውንም የምንገዛበትን ዋጋ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መብራት ጠፍቶ አንድ ቀን መቆም ቤንዚን ጠፍቶ ሳምንት ከመቆም ይሻላል። ነዳጁ ከውጭ በዶላር ይመጣል፤ መብራቱ እዚሁ ነው የሚመነጨው።

ሐጂ፦ ወንድሜ፣ “እዚሁ” ያልከው ነገር ነው እኮ የሚያናድደኝ። ግልገል ግቤ 1 ከተማችን አፍንጫ ሥር ሆኖ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ 184 ሜጋዋት ያመነጫል፤ ግቤ 2 በ420፣ ግቤ 3 በ1,870 ተከተሉት፤ ሕዳሴም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። እኔ ደግሞ ክረምት በገባ ቁጥር ለቡና መፈልፈያዬ ጄኔሬተር አስነሣለሁ። መኪናዬን በናፍጣ ጄኔሬተር ልሞላው ነውን?

የኤሌክትሪክ ባለሙያ፦ ሐጂ፣ ግድቡና ሶኬቱ መካከል ያለው መንገድ ረጅም ነው። ከግድቡ የሚወጣው በከፍተኛ ቮልቴጅ ያልፋል፤ ወደ እርስዎ የሚደርሰው በማከፋፈያ ጣቢያ፣ በ15 ሺህ ቮልት መስመርና በሠፈር ትራንስፎርመር በኩል ነው። አገሪቱ ገንዘቧን ለዓመታት ያፈሰሰችው ማመንጫው ላይ ነበር፤ የእንጨት ምሰሶውና አሮጌው ትራንስፎርመር ግን ባሉበት ቀሩ። ክልከላውን በመርህ እደግፋለሁ። ሆኖም ከክልከላው ጋር “በየከተማው ይህን ያህል ትራንስፎርመር በዚህ ጊዜ ይቀየራል” የሚል የታተመ ዕቅድ አብሮ መውጣት ነበረበት፤ የቅደም ተከተሉ ስሕተት እርሱ ነው። አሁን ባለው አሠራር መጀመሪያ መኪናው ይገባል፣ ከዚያ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል፣ በመጨረሻም የሠፈሩ ሰው ገንዘብ አዋጥቶ ማመልከቻ ይዞ ይሰለፋል።

አወያይ፦ እንግዲያው ጥያቄውን ላጥብበው። ለከተማችን አንድ ፈጣን ኃይል መሙያ ቢመጣ የት መተከል አለበት? ለተከራዩ ወንድማችን ከተማ ውስጥ፣ ወይስ ለሾፌሩ መንገድ ላይ?

የረጅም መንገድ ሾፌር፦ ያለ ጥርጥር ወልቂጤ። ከጅማ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ አዲስ አበባ 160 አይሞላም። ትንሹ መኪና ከ30 እስከ 80 በመቶ በፈጣን መሙያ በግማሽ ሰዓት ይሞላል፤ ያም ለምሳ የሚበቃ ጊዜ ነው።

የባንክ ሠራተኛ፦ ጋሼ፣ አዲስ አበባ በወር ስንት ጊዜ ይኬዳል? መኪና በየቀኑ የሚነዳው እዚሁ ከአጂፕ እስከ ኪቶ ፉርዲሳ ነው። ከተማ ውስጥ ቢተከል ግቢ የሌለው ሁሉ ይጠቀምበታል።

የኤሌክትሪክ ባለሙያ፦ የተከራዩን ችግር ፈጣን መሙያ አይፈታውም። 60 ኪሎዋት የሚስብ ማሽን የራሱ ትራንስፎርመር ይፈልጋል፣ ውድም ነው። ለከተማው የሚሻለው በገበያ፣ በመሥሪያ ቤትና በዩኒቨርሲቲ ማቆሚያዎች ላይ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቆጣሪ ያላቸው ባለ 7 ኪሎዋት መሙያዎችን መትከል ነው፤ ሰው ሥራ ውሎ ሲወጣ ሞልቶ ያገኘዋል። ስለዚህ ፈጣኑን ለመንገዱ እሰጠዋለሁ። አብዛኞቹ መኪናዎች በቀጥታ ከቻይና ገበያ የመጡ ስለሆኑ የቻይናው ዓይነት መሰኪያ ያለው መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ በአውሮፓው መሰኪያ ብቻ የተሠራ መሙያ ቢተከል ቆመን እናየዋለን።

ሐጂ፦ ወልቂጤ ላይ አንድ ማሽን ብቻ ከሆነ እኔ አልነሣም። ማሽኑ በተበላሸበት ወይም መብራት በጠፋበት ቀን ደርሼ ሆቴል ላድር ነው። ሁለት ይሁኑ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከግቤ ወዲህ ሶኮሩ ወይም አሰንዳቦ ላይ፣ በሌላ መስመር ላይ ይተከል። ያን ጊዜ ልጄ የፈለገውን ይግዛ፣ አልከለክለውም። ላንድክሩዘሩን ግን አልሸጥም።

የረጅም መንገድ ሾፌር፦ ሐጂ፣ በሁለቱ ማሽኖች ጉዳይ እስማማለሁ። ሶኮሩ ላይ የሚተከለው ከአዲስ አበባ ለሚመጣውም አቀበቱን ጨርሶ የሚሞላበት ቦታ ስለሚሆን ከአሰንዳቦ እርሱ ይሻላል።