ከስሌት ፊዚክስ ወደ ኢንተርናሽናል ስኩል፦ ያለፈበት አለ?

ጦሳ_ሥር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከደሴ ነው የምጽፈው። ፊዚክስ ማስተርስ አለኝ። ስድስት ዓመት ሥራዬ ስሌት ነበር። ኳንተም ኤስፕሬሶ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር በክሪስታል ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖችን ጉልበት ሳሰላ ኖርኩ። መብራት ሲጠፋ የሦስት ቀን ስሌት ከመሀል ሲቀር ስንቴ አይቻለሁ።

አምና ክረምት የሰፈር ልጆች ማስጠናት ጀመርኩ። አንዷ፣ "ቲቸር፣ ኮምቦልቻ አያቴ ቤት ንፍሮ ቶሎ ይበስላል፤ እኛ ቤት ለምን ይቆያል?" አለችኝ። ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፣ ኮምቦልቻ 1,850 ግድም። ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል። ባሕር ጠረፍ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ኮምቦልቻ 94፣ ደሴ ደግሞ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። ቴርሞሜትር ይዘን የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወርደን የሚፈላ ውሃ ለካን። ልጆቹ ቁጥሩ ከፍ ሲል ሲያዩ የጮሁት ጩኸት! ያን ቀን ልቤ ሸፈተ።

አሁን ውጭ ያለ ኢንተርናሽናል ስኩል የአይቢ (ኢንተርናሽናል ባካሎሬት የሚባለው ዓለም አቀፍ የሁለተኛ ደረጃ ፕሮግራም) ፊዚክስ መምህር ይፈልጋል። የማስተማር ፈቃድ የለኝም። ስድስት ዓመቴስ ገደል ገባ ማለት ነው?

የወሎ_ልጅ_ዶሃ፦
አብሽር ወንድሜ፣ ምንም ገደል አልገባም። እኔም ፎርትራን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ስሌት ከመጻፍ ነው ወደ ክፍል የገባሁት። አይቢ ላይ ተማሪው የራሱን ጥያቄ መርጦ፣ መርምሮ፣ ከ3,000 ቃል ያልበለጠ ሪፖርት ይጽፋል። ከውጤቱ 20 በመቶ ይይዛል። ልጆቼን የሚያስቸግራቸው መለካቱ አይደለም፤ "ቁጥርህን ምን ያህል ታምነዋለህ?" ስላቸው ነው የሚጨነቁት። አንተ የስሌት ነጥቦችን ቁጥር እየጨመርክ ውጤቱ ይረጋ እንደሆነ ስትፈትሽ የኖርከው ይህንኑ አይደል? የንፍሮውን ነገር ቃለ መጠይቅ ላይ ንገራቸው።

እኔን የከበደኝ ሌላ ነው። ሰሌዳውን በቀመር ሞልቼ ስዞር ሁሉም ዝም። የገባቸው መስሎኝ አልፍ ነበር። ፈተና ሳርም አለቀስኩ። አሁን ከቀመሩ በፊት "ምን የሚሆን ይመስላችኋል?" ብዬ እጠይቃለሁ።

ቦርከና፦
ስለ ወረቀቱ ልጨምር። ኦንላይን የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ፒጂሲኢ (ከዲግሪ በኋላ የሚወሰድ የመምህርነት ሰርተፍኬት) ብቻውን የእንግሊዝን የመምህርነት ፈቃድ አያስገኝም። ብር ከመክፈልህ በፊት ትምህርት ቤቱ የትኛውን እንደሚቀበል በጽሑፍ አስመልስ። ዲግሪህንም ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በጊዜ አስረጋግጥ። እኔ በመጨረሻው ሳምንት አዲስ አበባ ሁለቴ ተመላልሻለሁ።

ጡረተኛ_መምህር፦
ልጄ፣ ደሴም ኮምቦልቻም ፊዚክስ አስተምሬያለሁ። በረንዳ ላይ ስድስት ልጅ ማስጠናትና ስልሳ ልጅ ፊት መቆም ለየቅል ነው። ከመሄድህ በፊት አንድ መንፈቅ እዚሁ አስተምር። ከኋላ የሚቀመጠውን ልጅ ማየት ልመድ።

ጦሳ_ሥር፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለትምህርት ቤቱ ስለ ፈቃዱ ዛሬ ጽፌያለሁ። ሰኞ ደግሞ ኮምቦልቻ ወርጄ አንድ ርዕሰ መምህር አነጋግራለሁ። ቴርሞሜትሩንም እይዛለሁ።