ቤት ለሽያጭ የማሰናዳት ኮርስ፦ የቱን ልማር?

ጠያቂ (ባሕር ዳር)፦
ሰላም ወገን። የሚሸጥ ቤት ለገዢ ዓይን እንዲገባ ማሰናዳት፣ ሆም ስቴጂንግ የሚሉትን፣ መማር ፈልጌ ነበር። ኢንተርኔት ላይ ኮርሱ መዓት ነው፤ ሁሉም ሰርተፍኬት እሰጣለሁ ይላል። ብሬን ሳላስበላ የቱን ልምረጥ?

መልስ (ደብረ ማርቆስ)፦
እህቴ፣ ሰርተፍኬቱ አያጓጓሽ። ሥራው በተስፋፋበት አሜሪካ እንኳ የመንግሥት ፈቃድ አይጠየቅም፤ ወረቀቱን የሚሰጥሽ ያው ኮርሱን የሚሸጥልሽ ነው። ይልቅ ምን እንደሚያስተምር እዪ፦ ዋጋ አተማመን፣ ውል፣ የዕቃ ኪራይ ከሌለው ትራስ መደርደር ብቻ ተምረሽ ትወጫለሽ። እኔ ከፍዬ የገባሁበት ቪዲዮ ብቻ ነበር፤ የሠራሁትን አይቶ የሚያርመኝ አንድ ሰው አጣሁ። በጣም ነው የተናደድኩት።

መልስ (ባሕር ዳር፣ ደላላ)፦
አንድ ቤት ሦስት ወር ገዢ አጣ። ስንገባ ለካ ቡፌው የሳሎኑን መስኮት ግጥም አርጎ ዘግቶታል! አዞርነው፣ መጋረጃውን አጠብን፣ ጠዋት ብርሃን ሲገባ ፎቶ አነሣን፤ በሳምንቱ ሰው መጣ። ፎቶ የማያስተምር ኮርስ ይቅርብሽ።

ጠያቂ፦
ተባረኩ። እስከዚያው የአክስቴ ሳሎን ላይ ልለማመዳ፣ ቡፌዋን ካስነካችኝ።